ሥነ ፍጥረት፣ ዓመተ ዓለምና የልጆቻችን ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከኮሎምበስ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ የኦሃዮን ወንዝ ለሚሻገር ሰው፣ በኬንተኪ ግዛት ፒተርስበርግ በተባለው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ «የፍጥረት ሙዚየም» ይገኛል። ያቋቋሙት ፕሮቴስታንቶች ዓለም ከተፈጠረች 6000 ዓመት ያህል ብቻ እንደ ሆነ ያስተምራሉ፤ ዳይኖሰርንም ከአዳም ልጆች ጋር በአንድ ዘመን እንደ ኖረ አድርገው ያሳያሉ።

ከልጆቻችን ጋር በጎበኘነው ጊዜ ብዙ ያቆየን የድንቅነሽ ምስል ነው። አጽሟ እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ዕድሜውን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሉታል፤ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበርም ያስረዳሉ። በዚያ ግን እንደ ጎሪላ በእጇም መሬት እየረገጠች የምትሄድ ሆና ተሠርታለች። ከልጆቹ አንዱ «በትምህርት ቤት እንዲህ አልተማርንም፤ የማንን እንመን?» አለ። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላይደለ በዚህ እንመልከተው።

አስቀድሞ ስለ ቁጥሩ። አዳም ሴትን ሲወልድ ዕድሜው በዕብራይስጡ መጽሐፍ 130፣ በሰብዓ ሊቃናት ትርጉምና በግዕዙ 230 ዓመት ነው። በሌሎቹም አበው ዘንድ እንዲህ ያለ ልዩነት ስላለ፣ አባቶቻችን እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ይቆጥራሉ። 2000 ዓመተ ምሕረትን ስናከብር ዓመተ ዓለም 7500 ነበረ። እንግዲህ አንዱን ኦሪት ዘፍጥረት በሚያነቡ ክርስቲያኖች መካከል እንኳ 1500 ዓመት ያህል ልዩነት አለ።

ዓመተ ዓለምን አንንቅም፤ በባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ነው። ነገር ግን በጸሎተ ሃይማኖት ፈጣሪን እንመሰክራለን እንጂ የፍጥረትን ዕድሜ አንቆጥርም። የሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም ዋና ጥያቄው «ለምን ተፈጠረ?» የሚል ነው፤ ሰውና መላእክት ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ፤ ሌላው ፍጥረት ለአንክሮና ለተዘክሮ፣ ለምግበ ሥጋና ለምግበ ነፍስ። የሙዚየሙ የአትክልት ሥፍራና በዚያ ያሉት እንስሳት ያለ ጽሑፍ የሚያስተምሩት ይህንኑ አንክሮ ነው።

ስለዚህ የአጥንትን ዕድሜ የሚመረምር መምህር ያስተምራቸው፤ ለምን እንደ ተፈጠሩ ግን እኛ እንንገራቸው። የልጆቻችንን ሃይማኖት በአንድ ቁጥር ላይ ብናስረው፣ ኮሌጅ ገብተው ቁጥሩ ሲናድባቸው ሃይማኖታቸውም አብሮ ሊናድ ይችላል። ዝም ብንላቸውም ጥያቄያቸውን ይዘው ከእኛ ይርቃሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።