የፒካፕ ሞተር ዘይት አለካክና መዝገብ አያያዝ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻና በአዋሳኙ የእርሻ ቀበሌዎች የሚገኘው መሬት በብዛት መረሬ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የገጠሩም መንገድ ጭቃ ይሆናል። ጤፍ የሚዘራው ደግሞ መንገዱ እጅግ በሚከፋበት በሐምሌ ወር ነው። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የብዙ ዓመት የምርምር ድካም ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ዘሩ በመጋዘን እንዳለ የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ ለዚያ ዓመት ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም አይኖርም። አንድ ፒካፕ ብቻ ላለው ማኅበር በሐምሌ ወር ሞተር ተበላሸ ማለት የጥገና ወጪ ብቻ ሳይሆን የአባላቱ የዘር ጊዜ አለፈ ማለት ነው።

እኛ የሰብል ባለሙያዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። የሞተር ዘይትን መለካት ግን የመለካትና የመመዝገብ ሥራ በመሆኑ የልማት ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ሥራ ነው። የዝናብ መለኪያ በየዕለቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚነበበው የዛሬው ንባብ ከትናንቱ ጋር እንዲነጻጸር ነው። የሞተር ዘይትም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ካልተለካና ካልተመዘገበ አንዱ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አለካኩንና መዝገቡን አያይዞ ማስረዳት ነው።

1. ዘይት በሞተር ውስጥ የሚሰጠው ጥቅም

የሞተር ዘይት እርስ በርሳቸው የሚፋተጉትን የብረት ክፍሎች ያለሰልሳል፤ ራዲያተሩ የማይደርስበትን ሙቀት ይወስዳል፤ ጥቀርሻና የብረት ብናኝ ተሸክሞ ወደ ፊልትሮው ያደርሳል፤ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት ይዘጋል። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ በሞተሩ ግርጌ በሚገኘው መያዣ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ከዚያ እየሳበ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ዘይቱ ካነሰ ፓምፑ በዳገትና በቁልቁለት፣ እንዲሁም በመታጠፊያ ላይ በዘይት ፋንታ አየር ይስባል። በዚያች አጭር ጊዜ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ይህ ሲደጋገም የሞተሩ ዋና ዘንግ (ኮሎ) እና መቀመጫዎቹ ይበላሉ፤ በመጨረሻም ሞተሩ ተጣብቆ ይቆማል።

2. የሚለካበት ጊዜና ቦታ

ሀ/ ጊዜ፦ ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ሁሉ ወደ መያዣው ስለሚወርድ ንባቡ የታመነ ይሆናል። በቀን መለካት ካስፈለገ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የተሽከርካሪው መመሪያ ሌላ ሁኔታ የሚያዝዝ ከሆነ መመሪያው ይከበር።

ለ/ ቦታ፦ መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት። ወደ ጎን ባጋደለ የመንገድ ዳር ላይ የቆመ ፒካፕ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል የጎደለው ሞልቶ፣ የሞላውም ጎድሎ ይታያል። ስለዚህ ማኅበሩ በግቢው ውስጥ አንድ ደልዳላ ቦታ መርጦ፣ በጠጠር አስተካክሎ፣ አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ምልክት ቢያደርግ ከወጪው ጥቅሙ ይበልጣል።

ሐ/ ድግግሞሽ፦ በተራ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ዘርና ማዳበሪያ በሚጓጓዝበት ወቅት፣ ሞተሩ ያረጀ ከሆነ ወይም ረጅም ጉዞ ሲታሰብ በየቀኑ ጠዋት መለካት ይገባል።

3. የአለካክ ቅደም ተከተል

1ኛ/ ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ኮፈኑ ተከፍቶ በድጋፉ ይቁም።

2ኛ/ የዘይት መለኪያው ዘንግ የሚገባበት አፍ ዙሪያው በጨርቅ ይጠረግ። በመኸር ጊዜ የጤፍ እብቅና አቧራ በሞተሩ ላይ ስለሚቀመጥ ሳይጠረግ ዘንጉን መምዘዝ ቆሻሻውን ወደ ሞተሩ ያስገባል።

3ኛ/ ዘንጉ ተመዝዞ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጠረግ። የጆንያ ቁራጭ ወይም ክሩን የሚያራግፍ ጨርቅ መጠቀም አይገባም።

4ኛ/ ዘንጉ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ይግባ። በግማሽ የገባ ዘንግ ትክክለኛውን መጠን አያሳይም።

5ኛ/ እንደገና ተመዝዞ ጫፉ ወደ ታች እንዳዘነበለ ይያዝ። ወደ ላይ ከተያዘ ዘይቱ ወደ እጀታው ስለሚፈስ ንባቡ ይሳሳታል።

6ኛ/ የዘንጉ ሁለቱም ገጾች ይታዩ። ልዩነት ካላቸው ዝቅተኛው ይወሰድ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ልኩ ይደገም።

7ኛ/ ንባቡ በዚያው ጊዜ፣ ኮፈኑ ሳይዘጋ፣ በመዝገብ ይጻፍ።

4. ንባቡን መረዳትና ዘይት መጨመር

በዘንጉ ጫፍ ሁለት ምልክቶች አሉ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል ከሆነ ሞተሩን ማስነሣት ይቻላል። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሳይጨመር ሞተሩ መነሣት የለበትም። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው መጠን በብዙ ፒካፖች 1 ሊትር ገደማ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፣ ትክክለኛው መጠን ከተሽከርካሪው መመሪያ ተወስዶ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ መጻፍ አለበት።

ሲጨመር በአንድ ጊዜ ከሩብ ሊትር ሳያልፍ በንጹሕ መቅጃ ይጨመር፤ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይለካ። ‘ትርፍ ዘይት አይጎዳም’ የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ዋናው ዘንግ እየመታው አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ብረትን በሚገባ አያለሰልስም፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ትርፍ ከሆነ ተርፎ የሚታየው መቀዳት አለበት።

የዘይቱ ዓይነት በመመሪያው የተጻፈው መሆን ይገባዋል። ለብዙ የናፍጣ ፒካፖች የሚታዘዘው 15ደብሊው-40 የሚባለው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ፣ ሁለተኛው በሞተር ሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ለቤንዚን ሞተር ብቻ የተሠራ ዘይት በናፍጣ ሞተር ላይ መጨመር አይገባም። ከተከፈተ በርሜል ተቀድቶ ከሚሸጥ ይልቅ እሽጉ ያልተነካ ዕቃ መግዛት ይመረጣል።

5. የዘይቱ መልክና ሽታ

የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ጥቀርሻን መሸከም ሥራው ስለሆነ ጥቁረቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። የሚከተሉት ግን ሞተሩን ሳያስነሡ ለመካኒክ ማሳየትን የሚጠይቁ ናቸው።

ሀ/ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የራዲያተሩ ውኃ መጠንም አብሮ መታየት አለበት።

ለ/ ማንም ሳይጨምር መጠኑ ከፍ ካለ፣ ይልቁንም ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ነዳጅ ተቀላቅሎበታል። ነዳጅ ዘይቱን ስለሚያቀጥነው ‘ዘይቱ በዛ’ ብሎ መደሰት ትልቅ አደጋ ነው።

ሐ/ በጣት መካከል ሲታሽ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከታየ የውስጥ ክፍሎች እየተበሉ ናቸው።

6. የዘይት መዝገብ

አንድ ሾፌር ዘንጉን መዝዞ ‘ዘይት አለ’ ካለ በኋላ ያ ንባብ ካልተጻፈ በማግሥቱ ይረሳል። ፒካፑን ሁለት ወይም ሦስት ሰው የሚነዳው ከሆነ ደግሞ ዘይቱ እንዴት እየቀነሰ እንደ ሄደ የሚያውቅ አይኖርም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ብቻ ነው። በየመስመሩ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የዘይቱ ደረጃ (ሙሉ፣ ሦስት አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ታችኛው ምልክት)፣ የተጨመረው መጠን፣ የለካው ሰው ፊርማና አስተያየት ይጻፋል። በጭቃ ውስጥ በከባድ ማርሽ የተሠራበት ቀን ኪሎ ሜትሩ ትንሽ፣ የሞተሩ ድካም ግን ብዙ ስለሆነ ‘ጭቃ’ ተብሎ በአስተያየት መስመር ይመዝገብ።

የመዝገቡን ጥቅም በሚከተለው ስሌት እናሳያለን። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 1 ሊትር የሚይዝ ፒካፕ እንውሰድ።

በ84,200 ኪሎ ሜትር ሙሉ ነበር። በ85,200 ሦስት አራተኛ ሆነ፤ ሩብ ሊትር ተጨምሮ ሞላ።
በ86,200 ግማሽ ሆነ፤ ግማሽ ሊትር ተጨምሮ ሞላ።
በ86,700 ግማሽ ሆነ፤ ግማሽ ሊትር ተጨምሮ ሞላ።

በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ሞተሩ የጨረሰው ሩብ ሊትር ነው። በሁለተኛው 1,000 ግማሽ ሊትር ጨርሷል። በመጨረሻው 500 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ጨረሰ ማለት በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ማለት ነው። በ2,500 ኪሎ ሜትር ውስጥ የዘይት ፍጆታው አራት እጥፍ ሆኗል። ልብ ማለት የሚገባው ግን በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ዘይቱ አንድ ጊዜም ከታችኛው ምልክት አለመድረሱ ነው። ንባቡን በየቀኑ ለየብቻው ያየ ሰው ሁሉ ‘ደህና ነው’ ይል ነበር። አደጋውን የሚያሳየው መዝገቡ ነው።

አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ፍጆታን ይፈቅዳሉ። ይሁን እንጂ ለማኅበሩ የሚበጀው ወሰኑን መጠበቅ ሳይሆን ለውጡን መከታተል ነው። ፍጆታው ከተለመደው እጥፍ ከሆነ፦ ፒካፑ ካደረበት ቦታ ሥር የዘይት ጠብታ ይፈለግ፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ መውጣቱ ይታይ፤ ከዚያም ደብተሩን ይዞ ወደ ጋራዥ ይኬድ። መካኒኩ በቃል ከሚነገረው ይልቅ ከመዝገቡ ብዙ ይረዳል።

መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። የተገዛው ዘይት በደረሰኝ፣ የተጨመረው በመዝገብ ስለሚታይ ሂሳቡ ይነጻጸራል። ሞተሩ ዘይት መብላት በጀመረ ጊዜ ሾፌሩ ያለ ጥፋቱ ‘ዘይቱን የት አደረስከው’ ተብሎ አይጠረጠርም፤ ዘይቱ ሞተር ሳይገባ ቀርቶ ከሆነም ይታወቃል። ስለዚህ መዝገቡ ማኅበሩንም ሾፌሩንም ይጠብቃል።

7. ስለ ዘይት መብራት

በሾፌሩ ፊት ያለው ቀይ የዘይት መብራት የሚያመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። መብራቱ በጉዞ ላይ ከበራ ሞተሩ ጉዳት ላይ ነው፤ በተቻለ ፍጥነት ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ግዴታ ነው። ‘እስከ አቃቂ ልድረስ’ ተብሎ የሚነዳው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሙሉ ሞተር ሊያስከፍል ይችላል። መብራቱ አልበራም ብሎ ልኩን መተውም እንዲሁ ስሕተት ነው።

8. የተቃጠለ ዘይት አያያዝ

የአቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይፈሳሉ፤ በዳርቻቸውም አትክልት በመስኖ ይለማል። ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከፊሉም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይገኛል። ስለዚህ የተቃጠለ ዘይት በመሬት፣ በቦይ ወይም በወንዝ መድፋት ፈጽሞ አይገባም። ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚረከብ ጋራዥ ይሰጥ። ለመዥገር ማጥፊያ ብሎ ከብት መቀባትም መቅረት አለበት፤ ዘይቱ የከብቱን ቆዳ ይጎዳል፤ በውስጡም የብረት ብናኝና መርዛማ ነገር አለ። የቀየረ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ማጠቃለያ

ልኩ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ማኅበራት ከሰኔ ወር አስቀድመው የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፦ ለልኩ ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ በግቢው ደልዳላ ቦታ ይዘጋጅ፤ ደብተሩ፣ እርሳሱና ንጹሕ ጨርቁ በጋቢናው ውስጥ ይቀመጡ፤ አንድ እሽግ መጠባበቂያ ዘይት ከፒካፑ አይለይ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማኅበሩን በሚጎበኝበት ጊዜ የዘሩንና የማዳበሪያውን መዝገብ እንደሚያይ ሁሉ የዘይቱንም መዝገብ ይጠይቅ። የመጨረሻዎቹን አራት ንባቦች አንብቦ ፍጆታው መጨመሩን ወይም ባለበት መሆኑን ለኮሚቴው ቢያስረዳ፣ ብልሽቱ ከሐምሌ በፊት ሊታወቅና ሊጠገን ይችላል።