የውሃ ገልባጭ በቤት ውስጥ፦ ልጆች የፓስካልን ሕግ በእጃቸው ሲለኩ

በጋራዥ ደጃፍ ያለፈ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። አንድ ቀጭን ወጣት ከመኪናው ሥር ክሪክ አስገብቶ ብረቱን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያወዛውዝ፣ እርሱና ጓደኞቹ ተረዳድተው የማይችሉት ክብደት ቀስ እያለ ከመሬት ይነሣል። በሕንፃ ግንባታ አጠገብም ገልባጭ መኪና አሸዋ የሞላውን ሳጥኑን ያለ ብዙ ድካም ቀና ሲያደርግ እናያለን። ልጆቻችን ይህን አይተው «ይህን ያህል ኃይል ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቁን ብዙዎቻችን «ዘይቱ ነው የሚያነሣው» ብለን እናልፋለን። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጥያቄውን አይፈታውም። ዘይቱ ኃይል ከየትም አያመጣምና።

በዚህ ጽሑፍ ከመድኃኒት ቤት በሚገዙ ሁለት ሲሪንጆችና በጫማ ካርቶን ትንሽ ገልባጭ እንሠራለን። ዓላማችን መጫወቻ መሥራት ብቻ አይደለም። ልጁ በእጁ እየለካ መሣሪያው ምን እንደሚሰጥና በምትኩ ምን እንደሚወስድ ራሱ እንዲደርስበት ነው።

ሕጉ በአጭሩ

በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የምናሳድረው ግፊት ሳይቀነስ ወደ ፈሳሹ ክፍሎች ሁሉ ይተላለፋል። ይህን ሕግ ያብራራው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል (እ.ኤ.አ. 1623–1662) ሲሆን፣ ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው ድርሳን የታተመው ከሞተ በኋላ በ1663 ነው። በድርሳኑ ሁለት አፍ ያለው ውሃ የተሞላ ዕቃ እንድናስብ ይጠይቀናል። አንደኛው አፍ ከሌላው መቶ እጥፍ ቢሰፋ፣ በጠባቡ በኩል የሚገፋ አንድ ሰው በሰፊው በኩል የሚገፉ መቶ ሰዎችን ይቋቋማል ይለናል።

ሐሳቡ ወደ ሥራ ለመውጣት ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በውሃ የሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1795፣ ማለትም ከ132 ዓመታት በኋላ ነው። ከነበሩት ችግሮች አንዱ በሚንቀሳቀሰው ክፍል ዙሪያ ውሃ መሾለኩ ነበር። በብራማ አውደ ጥናት ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌይ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ የሚጠብቅ የቆዳ ማኅተም በመሥራት ችግሩን እንዳቃለለ ይነገርለታል። በሲሪንጅ ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ጎማም የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ 5 ሚሊ ሊትርና ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፤ ግሉኮስ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ ግማሽ ሜትር ያህል፤ ቁመታቸው ከትልቁ ሲሪንጅ የሚበልጥ ሁለት የጫማ ካርቶኖች፤ ተጨማሪ ወፍራም ካርቶን፤ ፕላስተር፣ ክር፣ ማስመሪያና ውሃ የሚይዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች።

እዚህ ላይ ወላጆችን አጥብቀን እናሳስባለን። ሲሪንጁና ቱቦው ከእሽጉ የወጣ አዲስ መሆን አለበት። መርፌውን ልጁ ሳይነካው በፊት ዐዋቂ ሰው ነቅሎ በጥንቃቄ ያስወግደው። አንድ ጊዜ ያገለገለ ሲሪንጅ፣ ታጥቦም ቢሆን፣ በምንም ምክንያት ለዚህ ሥራ አይውልም። ልጆችም ከቆሻሻ ላይ ሲሪንጅ እንዳያነሡ ለመምከር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

አሠራሩ

በመጀመሪያ የቱቦውን ጫፎች ጥቂት ሰከንድ በሙቅ ውሃ ውስጥ እናቆያቸው። ይህን ዐዋቂ ሰው ቢያደርገው ይሻላል። ሲለሰልሱ በሲሪንጆቹ አፍ ላይ እናጥልቃቸውና በክር ጠበቅ አድርገን እንሰር። ቱቦው በትክክል መግባቱን ካየን በኋላ አንደኛውን ጫፍ እንመልሰውና ውሃ እንሙላ። ሲሪንጆቹንና ቱቦውን በሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ አጥልቀን መሙላቱ አየር እንዳይገባ ይረዳል። ትንሹን እስከ 5 ምልክት ሞልተን፣ የትልቁን ዘንግ እስከ መጨረሻው ገፍተን እዚያው ውሃ ውስጥ እናገናኛቸው።

ቀጥሎ በሁለቱ ካርቶኖች ክዳን ላይ የሲሪንጆቹን ወፍረት ያህል ቀዳዳ እናውጣ። ሲሪንጁ በቀዳዳው ሲገባ ጣት የሚያርፍበት ጆሮው ክዳኑ ላይ ይቀራል፤ የሚገፋው ዘንግ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ክዳኑ እንዳይጎብጥ ከሥሩ ሌላ ወፍራም ካርቶን እንለጥፍበት። ቱቦው በካርቶኖቹ ጎን በተበሳ ቀዳዳ ይለፍ።

የመጀመሪያው ልኬት

መለካት የምንጀምረው ከሲሪንጁ ስፋት ነው። ለዚህም የክብ ስፋት ቀመር ያልተማረ ልጅ እንኳ የሚረዳው ዘዴ አለ። አንድ ሚሊ ሊትር ማለት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነውና፣ በሲሪንጁ ላይ የተጻፈውን መጠን ከዜሮ እስከዚያ ምልክት ላለው ርዝመት ብናካፍለው የውስጡን ስፋት እናገኛለን። በእኛ ሲሪንጆች የትንሹ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ 5 ለ4 ሲካፈል 1.25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የትልቁ 6.4 ሴንቲ ሜትር ስለነበረ 20 ለ6.4 ሲካፈል 3.125 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሰጠን። እንግዲህ ትልቁ ከትንሹ ሁለት ጊዜ ተኩል ይሰፋል። የሲሪንጅ ልክ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ አንባቢያን የራሳቸውን እንዲለኩ እንመክራለን።

አሁን በትንሹ ዘንግ ላይ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ብናስቀምጥና እንዳይወድቅ ብቻ በእጅ ብንደግፈው፣ 10 ኒውተን ያህል ኃይል ወደ ታች ይገፋል። ይህ በ1.25 ሲካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 8 ኒውተን ግፊት ነው። ግፊቱ ሳይቀነስ ትልቁ ዘንግ ሥር ሲደርስ 8 በ3.125 ተባዝቶ 25 ኒውተን ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ሁለት ሊትር ተኩል ሊያነሣ ነው ማለት ነው።

ልጁ በዚህ ሲደነቅ ሁለተኛውን ልኬት እንዲወስድ እንጠይቀው። ትንሹ ዘንግ 4 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ትልቁ ስንት ከፍ አለ? የሚያገኘው 1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኃይሉ ሁለት ጊዜ ተኩል ሲያድግ መንገዱ በዚያው ልክ አጠረ። 10 ኒውተንን በ0.04 ሜትር፣ 25 ኒውተንንም በ0.016 ሜትር ብናባዛ ሁለቱም 0.4 ጁል ይሰጡናል። ሥራው አልጨመረም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። በጋራዡ ደጃፍ ያየነው ወጣት ክሪኩን ደጋግሞ የሚያወዛውዘው፣ መኪናው ግን በጥቂቱ ብቻ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። በኃይል ያተረፈውን በመንገድ ይከፍላል።

በቤታችን ስንሞክረው ግን ሁለት ሊትር ተኩሉ አልተነሣም፤ የተነሣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን «ሕጉ ተሳስቷል» ስትል ፈረደች። እንዲህ ያለውን ፍርድ ለማረም መቸኮል አይገባም። ውሃ ሳይኖርበት የሲሪንጁን ዘንግ ገፋ እንድታደርግ ሰጠናት፤ ጎማው ሲፋተግ የሚወስደውን ኃይል በጣቷ ቀመሰችው። በጎማዎቹ ላይ ጥቂት ግሊሰሪን ስንቀባ የተነሣው ክብደት ጨመረ። ሕጉ አልተሳሳተም፤ ሰበቃም ድርሻውን ወስዶ ነበር እንጂ።

ገልባጩን መሥራት

የትልቁ ሲሪንጅ ካርቶን የመኪናው አካል ይሆናል። ከወፍራም ካርቶን አፉ ክፍት የሆነ ሳጥን ሠርተን፣ የኋላ ጠርዙን በጨርቅ ፕላስተር እንደ ማጠፊያ ከክዳኑ ጋር እናያይዘው። ማጠፊያው ከዘንጉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ዘንጉ ሲገባም ከክዳኑ በላይ ትንሽ ስለሚቀር ማጠፊያውን በቀጭን እንጨት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳጥኑ በዘንጉ ራስ ላይ ይረፍ እንጂ አይጣበቅ፤ ሲነሣ መንሸራተት አለበትና።

በዚህ አኳኋን ሳጥኑ ጠጠር ቢሞላም በቀላሉ ይነሣል፤ ግን ብዙ ስለማይጋደል ጠጠሩን አይደፋም። ልጆቹ ቅር ሲላቸው ሲሪንጆቹን እንዲያቀያይሩ እንንገራቸው። ትንሹ ከሳጥኑ ሥር ሆኖ ትልቁ ሲገፋ ሳጥኑ 4 ሴንቲ ሜትር ይነሣና 45 ዲግሪ ያህል ይጋደላል፤ መግፋቱ ግን ይከብዳል። ከባድ ነገር በጥቂቱ ማንሣት ወይስ ቀላል ነገር ከፍ ማድረግ? ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሲሪንጅ የለም። መሐንዲስም ዘወትር የሚጋፈጠው ይህንኑ ምርጫ ነው።

የአየር አረፋው ትምህርት

በመጀመሪያው ቀን ገልባጫችን ጨርሶ አልሠራም ነበር። ዘንጉን ስንገፋ እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ ይገባል፤ ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱ በቱቦው ውስጥ የቀረ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል አየር ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 7.7 ኒውተን ነው። እኛ በጠርሙሱ የጨመርነው 8 ኒውተን ይህን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ የአረፋው መጠንም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከገፋነው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንዱ አየሩን ለመጭመቅ ብቻ ይውላል። ውሃው ግን በዚሁ ግፊት የሚቀንሰው ከመቶ ሺህ አራት እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም። አየሩን ለማስወጣት ሲሪንጁን አፉን ወደ ላይ አቁመን በጣት መታ መታ ማድረግና አረፋው ሲሰበሰብ ገፍቶ ማውጣት ነው።

ይህ ተራ የመጫወቻ ብልሽት እንዳይመስለን። የትናንሽ መኪኖች ፍሬን የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የእግር ግፊት በፍሬን ዘይት አማካይነት ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወስደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነጂው ያለማቋረጥ ፍሬን ቢይዝ፣ ዘይቱ ሊፈላና እንፋሎት ሊፈጥር ይችላል። ያን ጊዜ መርገጫው እንደ ልጆቹ ሲሪንጅ እየለሰለሰ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በከባድ ማርሽ መውረድና የፍሬን ዘይትን በወቅቱ መለወጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። አረፋውን በጣቱ የገፋ ልጅ ነጂ ሲሆን ይህን ምክር እንደ ተራ ደንብ አያየውም።

የመሞከሪያ ጥያቄዎች

1. ሁለቱም ሲሪንጆች ባለ 10 ሚሊ ሊትር ቢሆኑ የምናተርፈው ኃይል ስንት ነው? የምናጣው መንገድስ?

2. የቱቦው ርዝመት እጥፍ ቢሆን የሚነሣው ክብደት ይለወጣልን? ገምታችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ሞክሩ።

3. ዘንጉን ወደ ኋላ አጥብቀን ስንስብ አንዳንድ ጊዜ አረፋ ይታያል። ውሃውን የሚመልሰው የእኛ መሳብ ነው ወይስ በውጭ ያለው አየር መግፋት?

ለወላጆችና ለመምህራን አንድ ምክር እንጨምር። ልጁ ከመለካቱ በፊት ግምቱን በወረቀት ያስፍር፤ ከለካ በኋላም ልዩነቱን እንዲያብራራ ይጠየቅ። ካርቶኑ በሳምንት ውስጥ ውሃ ነክቶት ይቀደድ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ የተጻፉበት ደብተር ግን ይቀመጥ። ልጁ በከፍተኛ ደረጃ የፓስካልን ሕግ በሰሌዳ ላይ ሲያገኘው፣ አስቀድሞ በእጁ ያወቀው ነገር ስም እንደ ወጣለት ይቆጥረዋል።