«ማን አየው?»

ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ክፍለ ጊዜ ተሰጠንና በጥቁር ሰሌዳው ላይ «የካ ዋሻ ሚካኤል በ4ኛው ክፍለ ዘመን ተፈለፈለ» ብለን ጻፍን። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ማን አየው?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅንና አለፍነው። ማታ ግን ነገሩ ከነከነን። ልጁ ትክክል ነበር። እኛ እኮ ቦታውን እንኳ አላየንም!

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት በባሕር ዛፉ መካከል ተያያዝነው። ዋሻ ሚካኤል የተገነባ ሳይሆን የተፈለፈለ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ ይወጣል፤ ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል። ፈልፋይ ግን ከአንድ አለት ላይ የማይፈልገውን እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የቆረጠውን ዓምድ መልሶ አይቀጥለውም። ግድግዳውም፣ ዓምዱም፣ ጣሪያውም ያው አንድ አለት ነው። የጣሪያው አለት ግን ከተናደ ቆይቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ የቀረውን ይበላዋል።

ዕድሜውስ? የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ለነገሥታቱ ለአብርሃና ለአጽብሐ ይሰጣል፤ 4ኛው ክፍለ ዘመን የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በርካታ ተመራማሪዎች ግን አሠራሩን ከላሊበላና ከሌሎች ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጋር እያነጻጸሩ፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያደርጉታል። በመካከሉ ያለው ርቀት 800 ዓመት ያህል ነው! እኛ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጠመኔ ዘግተነው ነበር።

በተከታዩ ሳምንት እንጦጦ ማርያም ወጣን። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም እዚያው ነው። የዘመኑ ሰው ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሡን ታሪክ ጽፈው ትተውልናል። እዚህ ላይ «ማን አየው?» ቢባል መልስ አለን።

ጓደኞቻችን፣ ከሁለቱ ጉዞ ያገኘነው ትምህርት ይኸው ነው። ታሪክ ስናስተምር ሦስት ነገሮችን እንለይ፦ በዓይናችን ያየነውን፣ ከአባቶች የሰማነውን፣ ተመርምሮ የተጻፈውን። ትውፊትን መናቅ አይገባም፤ ሕዝቡ ቦታውን ሲጠብቅ የኖረው በእርሱ ነው። ነገር ግን ትውፊት ነው ብለን እንናገር።

ሰኞ ወደዚያው ክፍል ተመለስንና «ተፈለፈለ» ያልነውን አጥፍተን «ተፈለፈለ ይባላል» ብለን ጻፍን። ያ ልጅ ጥያቄውን አላቆመም፦ «ታዲያ እኛ ሄደን ብናየውስ?»

የእኛ ፈልፋይነት በልጅ አእምሮ ላይ ነው። በስሕተት የቆረጥነውን መልሶ መቀጠል እንደ አለቱ ሁሉ ያስቸግራል። ዕድል ሆኖ ይህን አንዱን ቶሎ ደረስንበት።