በኢሜይል ላይ ስለሚጻፈው የኮምፒዩተር ስም

በዋግ ኽምራ ደጋ የምትገኘው ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የንግድ ከተማ ናት። ቀድሞ ከአፋር ዝቅታ የሚመጣው አሞሌ ጨው በገበያዋ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬም በማሯ ትታወቃለች። በአሁኑ ዘመን የዚህ ማር ዋጋ በኢሜይል ሊጠየቅና ሊቀርብ ስለሚችል፥ ኢሜይል ከተጻፈበት ቃል ሌላ ምን ይዞ እንደሚሄድ ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል።

ኢሜይል ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ላኪው የጻፈው ቃል ነው። ሁለተኛው መልእክቱን የሚያስተላልፉት ኮምፒዩተሮች የሚጽፉት የጉዞ መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ ዘወትር ከዓይን የተሰወረ ቢሆንም፥ ተቀባዩ በፈለገ ጊዜ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ጆናታን ፖስቴል የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1982 ባወጡት ደንብ መሠረት፥ ላኪው ኮምፒዩተር ከፖስታ ሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ አስቀድሞ «ሄሎ» ብሎ ስሙን ይናገራል። ሰርቨሩም ይህን ስም፥ ብዙ ጊዜም የመጣበትን የኢንተርኔት ቁጥር ጭምር፥ «ሪሲቭድ» በተባለው መስመር ይመዘግባል። እንደ አውትሉክ ያሉት በኮምፒዩተር ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች በዚህ ሰላምታ ባለቤቱ ለኮምፒዩተሩ ያወጣለትን ስም ሊናገሩ ይችላሉ።

ጉዳቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የአዲስ አበባ ማር ላኪ ዋጋው እንዳይወደድበት ስሙን ሠውሮ በወኪል ይገዛል እንበል። ወኪሉ የሚጽፍበት ኮምፒዩተር በላኪው ድርጅት ስም የተሰየመ እንደ ሆነ፥ የሰቆጣው ሻጭ መዝገቡን ከፍቶ እውነተኛውን ገዢ ሊያውቅ፥ ዋጋውንም ሊጨምር ይችላል። እንዲሁም ኮምፒዩተሩ በገንዘብ ያዡ ሙሉ ስም ቢጠራ፥ አታላይ ሰው ይህን አይቶ የሐሰት የክፍያ ትእዛዝ ለማን መላክ እንዳለበት ይማርበታል።

መድኃኒቱ ወጪ የለውም። በመጀመሪያ ነጋዴው ለራሱ የጂሜይል አድራሻ አንድ መልእክት ልኮ፥ «ሾው ኦሪጅናል» በሚለው ትእዛዝ መዝገቡን ይመርምር። ሁለተኛ፥ ስሙ ሰውን ወይም ድርጅትን የሚገልጽ ሆኖ ከተገኘ፥ በዊንዶውስ «ሪኔም ዚስ ፒሲ» በሚለው ትእዛዝ ለሌላ ሰው ትርጉም በሌለው ስም ይለውጠው። ሦስተኛ፥ ጂሜይልን በድረ ገጹ ከፍቶ የሚጽፍ ሰው የኮምፒዩተሩ ስም በመዝገቡ አይገባበትም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አይዘንጉ። ስሙ ቢለወጥም ቀድሞ የተላኩት መልእክቶች እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ደግሞም ላኪው ስሙን እንደ ወደደ ሊለውጠው ስለሚችል፥ ተቀባዩ ይህን ስም ብቻ አይቶ የላኪውን ማንነት ተረጋገጠ ሊል አይገባውም። ሚዛኑን ሳይፈትሽ የማይመዝን ነጋዴ፥ ደብዳቤውንም ሳይፈትሽ ባይልክ ይበጀዋል።