የሰሊጥ ዘይትና የመርጫ መርዝ

በግልገል በለስ ዙሪያ ሰሊጥ ይዘራል፤ ኑጉም አለ። ከሰሊጡ ጋር አረምና ተባይ ይመጣል። ድሮ አረሙን በእጃችን ነበር የምንነቅለው። ዛሬ ብዙዎቻችን መርጫ አዝለን እንረጫለን። የምንረጨውንም ነገር «መድኃኒት» እንለዋለን። የአረም መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት እንላለን። ስሙ አሳሳች ነው። መድኃኒት ያድናል፤ ይህ ግን ሊገድል የተሠራ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ መርዝ እንበለው።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ። ባልና ሚስት ተጋብተው ሦስት አራት ዓመት ይቆያሉ፤ ልጅ የለም። መንደሩ የሚወቅሰው ማንን ነው? ሴቲቱን ነው። «መካን ናት» ትባላለች። አንዳንዷም ትዳሯ ፈርሶ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። ባልየውን ግን «አንተስ ተመርምረሃል ወይ?» የሚለው የለም። ችግሩ ከሴቷም ከወንዱም ሊመጣ ይችላል። ከወንዱ ሲሆን ከምክንያቶቹ አንዱ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ላትሮፕ በምትባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በአፈር ውስጥ ያሉ ትላትሎችን የሚገድል ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የሚባል መርዝ ያዘጋጅ ነበር። ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ብዙዎቹ ልጅ እንዳልወለዱ አስተዋሉ። እንመርመር አሉ፤ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ተመረመሩ። የአንዳንዶቹ ዘር በጣም አንሶ፣ የአንዳንዶቹም ጭራሽ ጠፍቶ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርዙ በዚያ አገር በአብዛኛው ታገደ። ከመርዙ ከራቁት ሰዎች ውስጥ ዘራቸው የተመለሰላቸው አሉ፤ ሳይመለስላቸው የቀሩም አሉ። የሚያሳዝነው፣ ይኸው መርዝ የአይጦችን ቆለጥ እንደሚያኮማትር ከ16 ዓመት በፊት በጥናት ታይቶ ነበር።

እኛ የምናውቀው ቱ ፎር ዲስ? በአርጀንቲና ቱ ፎር ዲ በሚረጩ ገበሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ1983 ዓ.ም. ወጥቷል። የዘራቸው እንቅስቃሴ ደካማ፣ ቅርጹም የተበላሸ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ዘይት ምን ያደርጋል? «ሰሊጥና ጥቁር አዝሙድ የወንድን ዘር ያበረታል፣ መርዝንም ያከሽፋል» የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬው ከምንም አልተነሣም። ዘይት ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ እንደሚለወጥ ሁላችንም እናውቃለን። ቅባቱን የሚያበላሸው አየር ነው። የሰሊጥ ዘይት ግን ቶሎ አይበላሽም፤ በውስጡ ብልሽትን የሚከላከል ነገር አለውና። የወንድ ዘርም ሽፋኑ ቅባት ነው። ብዙ መርዞች ያንን ቅባት ልክ እንደ ቆየ ዘይት ያበላሹታል። አጥኚዎች ለአይጦች መርዝ ሰጥተው፣ ከመርዙ ጋር የሰሊጥ ወይም የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሲጨምሩላቸው ጉዳቱ ቀንሶ ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. በወጣ የኢራን ጥናትም መውለድ ያልቻሉ ወንዶች በየቀኑ 5 ሚሊ ሊትር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለሁለት ወር ወስደው የዘራቸው ብዛትና እንቅስቃሴ ተሻሽሏል። ሆኖም ያ ጥናት ስለ መርዝ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ ይጠይቀናል፦ «የአይጧን ጉዳት ካመናችሁ የአይጧን መዳን ለምን አታምኑም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በአደጋ ጊዜ ሰው እስኪጎዳ አይጠበቅም። በመዳን ጊዜ ግን በሰው ላይ ሳይታይ ሰውን ወደ መርዝ መላክ አይገባም። ዘይቱን ታምኖ ባዶ እግሩን የሚረጭ ሰው ከማይጠጣው የባሰ ይጎዳል። ሰሊጡን፣ ኑጉን፣ ተልባውን እንብላ፤ ጥሩ ምግብ ናቸው። መርዝ ግን አያስቆሙም። ሰውነትን ዘይት መቀባትም አይረዳም። ብዙዎቹ የተባይ መርዞች በቅባት የሚሟሙ ናቸው። መርዝ ለዋጠ ሰውም ዘይት ወይም ወተት አይሰጥም፤ ከነመርዙ ዕቃ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

መርዝ በብዛት የሚገባው በቆዳ ነው። ይህን ስንናገር አንፈርም፣ እናንተም አትፈሩ። ፓራቲዮን የሚባል የተባይ መርዝ በሰው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ተለክቶ ነበር። በክንድ ላይ ከተቀባው አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ በቆለጥ ቆዳ ላይ የተቀባው ግን ሁሉም ገባ። አሁን የሚያንጠባጥብ መርጫ ያዘለን ሰው እናስብ። ጠብታው በጀርባው ወርዶ ሱሪውን ያርሰዋል። ሰውየውም በዚያ ሱሪ እስከ ማታ ይውላል።

ስለዚህ የሚያንጠባጥብ መርጫ ሳይጠገን አይታዘልም። ነፋስ ከጀርባ ይሁን። ጓንት፣ ቦት ጫማና ረጅም ልብስ ይለበስ። የተደፈነ የመርጫ አፍንጫ በአፍ አይነፋም። ልብስ ከራሰ ወዲያው ወልቆ ገላ በሳሙና ይታጠባል፤ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይቀላቀልም። የመርዝ ጀሪካን ቢታጠብ ቢታጠብ ውኃም ሆነ የሰሊጥ ዘይት አይቀመጥበትም።

ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት አብረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የወንዱ ምርመራ ዘሩን በዕቃ ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ ማሳየት ብቻ ነው። ምን ምን መርዝ እንደረጨም ለሐኪሙ ይንገር። አዲስ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። በነሐሴ ከመርዝ የራቀ ሰው ለውጡ የሚታየው ከኅዳር ወዲህ ነው። በመስከረም ተመርምሮ «አልተሻለኝም» ቢል ገና ጊዜው አልደረሰም፤ ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ እንደገና ይመርመር።