የምክንያትና የውጤት አንቀጽ

የምክንያትና የውጤት አንቀጽ ስትጽፉ፣ ውጤቱ እውነት ሆኖ ምክንያቱ ሐሰት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ጣሪያው ጎበጥ ያለ መኪና በፍጥነት ሲነዳ አየር ሽቅብ ያነሣዋል። ብዙዎች ይህን ሲያስረዱ፣ «የላይኛው አየር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» ይላሉ። «ስለ» የሚለው መስተዋድድ በቦታው ገብቷል፤ ነገር ግን ሁለቱ እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድዳቸው አንዳችም ነገር የለም።

እንዲህ ብንጽፍ ይሻላል፦ «አየር የጣሪያውን ጉብታ ተከትሎ የሚታጠፈው፣ በጣሪያው ገጽ ላይ ያለው ግፊት ከዚያ በላይ ካለው ስለሚያንስ ነው። ወደ አነስተኛው ግፊት የሚገባው አየርም ይፈጥናል። ከመኪናው ሥር ያለው ግፊት ከላይኛው ስለሚበልጥ መኪናው ሽቅብ ይገፋል፤ ስለዚህ ጎማዎቹ መንገዱን የሚጫኑበት ኀይል ይቀንሳል።» ቀጭን ወረቀት ከታችኛው ከንፈራችሁ አስጠግታችሁ በላዩ እፍ በሉ፤ የተንጠለጠለው ጫፍ ሲነሣ ታያላችሁ።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማንሣት ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ የቀረበው ኦዲ ቲቲ ጀርባው ክብ፣ ለዓይን ያማረ መኪና ነበር። በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ እየተነዳ ድንገት ሲታጠፍ፣ በአውሮፓ የሰው ሕይወት ያጠፉ አደጋዎች ደረሱ። ፋብሪካው መኪናዎቹን መልሶ ጠርቶ፣ ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር፣ ከኋላቸው አነስተኛ ክንፍ ገጠመላቸው። ክንፉ አየሩ የጀርባውን ጉብታ ተከትሎ እንዳይታጠፍ ስለሚያግደው፣ የኋላ ጎማዎቹ መንገዱን አጥብቀው ይጫናሉ።

መልመጃ፦ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር «ስለ»ን አስቀርታችሁ፣ «በመሆኑም» በሚለው ቃል መልሳችሁ ጻፉ።