ፈረሱ ገደ ቢስ ነው ወይስ ገና ልጅ?

የፈረስን ዕድሜ ሻጩ ሳይሆን ጥርሱ ይናገራል። ከፊት ያሉት የመሐል የወተት ጥርሶች ወልቀው ቋሚዎቹ የሚተኩት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው፤ ከእነሱ ግራና ቀኝ ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳር ዳሮቹ ደግሞ በአራት ዓመት ተኩል አካባቢ ይቀየራሉ። አፉ የሚሞላው አምስት ዓመት ሲደፍን ነው። ከጎንደር አጠገብ ከጠዳ ደብዳቤ የጻፉት አንባቢ ዳማ ፈረሳቸውን በመጋቢት ሲገዙ «አራት ዓመቱ ነው» ተብለው ነበር። በቅርቡ አንድ ጎረቤት ከንፈሩን ገልጦ ሲያይ ግን የተተኩት የመሐሎቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ፈረሱ ከሦስት ዓመት ብዙም አይርቅም።

በደብዳቤው የተዘረዘረው መከራ ሦስት ነው። በመስከረም አፍንጫው ደማ፤ በኅዳር ኮርቻ ጀርባውን ላጠው፤ አሁን በታኅሣሥ፣ ለጥምቀት ጉግስ ሊያወጡት ሲሰናዱ፣ በቀኝ የፊት እግሩ ማነከስ ጀመረ። አጎታቸው ደግሞ «ግንባሩ ላይ ሁለት ሽክርክሪት ያለው ፈረስ ገድ የለውም፤ ሳይብስበት ሽጠው» ብለዋል። አባት በሌለበት ቤት የአጎትን ቃል መግፋት ከባድ ነው፤ እጅ ልሶ የሚቀበልን እንስሳ ለገበያ ማውጣትም እንደዚያው። ጠያቂው የተጨነቁት በሁለቱ መካከል ነው።

የመስከረሙ ደም ምንጩ አልቅት ሳይሆን አይቀርም። ክረምቱ ሲያበቃ የመገጭ ወንዝና የገባሮቹ ውሃ ይቀንሳል፣ ዳር ዳሩ ይረጋል፤ ክር የምታህል አልቅት ከሚጠጣው ውሃ ጋር ትገባና አፍንጫው ውስጥ፣ ከምላሱ ሥር ወይም ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ ደም እየጠጣች ታብጣለች። ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚወርድ ቀጭን ደም፣ ራስን ማርገፍገፍና አዘውትሮ መዋጥ ምልክቶቿ ናቸው። ትንባሆ በጥብጦ አፍንጫ ውስጥ ማፍሰስ የቆየ ልማድ ቢሆንም ፈሳሹ ወደ ሳንባ ከወረደ ከአልቅቷ የከፋ ጉዳት ያመጣል። የሚሻለው ፈረሱን ጥቂት ሰዓት አስጠምቶ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ በገበታ ማቅረብ ነው። አፍንጫውን ውሃው ላይ ሲያሳርፍ አልቅቷ ብቅ ትላለች፤ ትሙለጨለጫለችና እጅ ላይ ሻካራ ጨርቅ ጠምጥሞ መያዝ ይገባል። ድዱ ነጣ ካለ ደም አንሶታል ማለት ነው፤ ሥልጠናው ሳምንታት ይዘገያል። ከዚያ ወዲያ ከወንዝ ሳይሆን በጨርቅ ተጠልሎ በባልዲ ይጠጣ።

ገጣባው ግን የሰው ሥራ ነው። የሦስት ዓመት ፈረስ ጀርባ ሥጋው ገና አልሞላም፤ የኮርቻው እንጨት የአከርካሪውን አጥንት ያገኘዋል። ላብ የደረቀበትና የጠጠረ ግላስ ሲጨመርበት ቆዳው በአንድ ቀን ጉዞ ይላጣል። ቁስሉ በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ይታጠባል፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ያልሞላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውሃና የጋለ ብረት ከቁስሉ ይራቁ። በዚህ ላይ ብዙ ባለፈረሶች የሚሳሳቱት ቅርፊቱ እንደወደቀ ኮርቻ መመለሳቸው ነው። ቅርፊት ድኅነት አይደለም፤ ጸጉር እስኪበቅል መጠበቅ ያስፈልጋል። ማንኛውም ገበያ ላይ የጋሪና የጭነት ፈረሶችን ጀርባ ለሚያይ ሰው ያ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ጸጉር የአንድ ጥድፊያ ታሪክ ነው፤ የተጎዳ ቆዳ ብዙ ጊዜ ጸጉሩን ነጭ አድርጎ ያበቅላልና። ኮርቻው ሲመለስም መሐሉ ላይ በአከርካሪውና በእንጨቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል።

ማነከሱን ለመለየት ፈረሱን በጠፍጣፋ መሬት በቀስታ ሶምሶማ ማስኬድ ያሻል። ያመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ሁልጊዜ ምርመራው የሚጀምረው ከሰኮናው ነው። እግሩ ተነሥቶ፣ ጭቃውና ፋንድያው ጫፉ ባልሰላ ብረት ተጠርጎ፣ ሁለቱ ሰኮናዎች በእጅ ይዳሰሳሉ። አንደኛው ከሌላው ከሞቀ፣ ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር በኃይል ከመታ፣ ውስጡ መግል ይዟል ብሎ መጠርጠር ነው። በአስፋልትና በኮረት ዳር በሚኖሩ ፈረሶች ላይ ጠጠርና ሚስማር የተለመዱ ናቸው። በለብታ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ ያለሰልሰዋል፤ ከፍቶ ማፍሰሱ ግን የሐኪም እጅ ይፈልጋል። መግሉ ከወጣ ፈረሱ በቀናት ውስጥ ይረግጣል። ሚስማር ከወጋው የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ሳይወጋ እንዳያድር፤ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ በሽታ የፈረስን ያህል የሚጋለጥ የለም።

ሦስቱም ቀላል ናቸው። ቀላል ያልሆኑትን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ያረፈ ትልቅ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይሆናል፤ የወጣቱ ምት ትንሽ ከፍ ይላል። ትኩሳት ኖሮት ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ካበጠና አፍንጫው አረፋ ከደፈቀ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ስለሆኑ ክረምት ሲወጣ ይበረታል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ወጥተው መግል ካፈሰሱ የጋሪ ፈረሶችን የሚፈጀው የሊምፍ ቧንቧ በሽታ ይጠረጠራል፤ ልጓም፣ ገመድና ግላስ ከሌላ ፈረስ ጋር መዋዋስ ያን ቀን ያበቃል። ሆዱን እያየ የሚንደባለል ፈረስም ጊዜ አይሰጥም፤ ፈረስ ማስታወክ አይችልምና የበላው መጥፎ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው በመሆኑ የጠዳ ሰው ከብዙ ወረዳዎች ይልቅ ዕድለኛ ነው።

ለእረፍት የቆመ ፈረስ እህሉ ይቀነስለት፤ ሣርና ጭድ ግን አይጓደልበት። ጓያ ግን ከቶ አይሰጠው። በደምቢያ የሰው እግር ያሰረው ጓያ ፈረስንም ከኋላ እግሩ ያደክማል፣ ጉሮሮውንም ያሽመደምዳል፤ እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን በጋሪ ፈረሶቻቸው ላይ በውድ ዋጋ ተምረውታል። የጉሎ ፍሬም አጠገቡ አይድረስ።

አሁን ወደ መግራቱ። ብዙ ሰው ፈረስ ሲታመም ሥልጠናው የቆመ ይመስለዋል፤ የቆመው ግን ግልቢያው ብቻ ነው። እያነከሰ ያለ ፈረስ አራቱንም እግሮቹን ለእጅ መስጠት ሊማር ይችላል፤ ለሰኮናው ሕክምና የሚነሣው እግር ራሱ ትምህርት ነው። ባጃጅ ሲያልፍ ቆሞ ማየት፣ ከበሮ መስማት፣ በገመድ ሲሳብ ሳይጎትቱት መከተል፣ ጆሮውንና ሆዱን ማስነካት፣ ሁሉም በጋጣው ደጃፍ ይሆናል። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የሚቆመውም ፈረሱ ሲያምጽ ሳይሆን የተጠየቀውን ሲያደርግ ነው። ሲድንና ሳምንት ሙሉ ሳያነክስ ሲሄድ፣ ትምህርቱ ካቆመበት ሳይሆን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀመራል፤ መጀመሪያ ባዶ ጀርባውን ከትልቅ ፈረስ ኋላ፣ ቀጥሎ በሁለት ረጅም ገመድ ከኋላ እየተነዳ።

ልጓም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በአገራችን የተለመደው ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብብ ቀለበት ያለው ብርቱ ብረት ነው፤ ጥርሱ በሚለወጥበት ወራት ሕመሙን እጥፍ ያደርገዋል። ራሱን የሚወረውርን ፈረስ «አመለኛ» ከማለት በፊት አፉን መክፈት ይቀድማል። ክብደትም ልኬት አለው፤ ፈረስ የሚሸከመው ከነኮርቻው የራሱን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ነው ይባላል። 220 ኪሎ ለሚመዝን የደጋ ፈረስ ይህ 44 ኪሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋላቢ ቀላል ልጅ ይሁን፤ እሱም ሁለተኛዎቹ ጥርሶች ከተተኩ በኋላ።

ጉግስ ከዚህ ሁሉ ይርቃል። በሙሉ ግልቢያ ላይ ድንገት መዞር የሰውነቱን ክብደት በአንድ እግር ላይ ይጥላል፤ የሦስት ዓመት አጥንት ለዚያ አልጠነከረም። በዚህ ጥምቀት ፈረሱ ቤቱ ይቆይ። በሚቀጥለው ዓመት ከታቦቱ ኋላ በእርምጃ ቢሄድ ጥሩ ነው። ጉግሱ ከዚያም ቀጥሎ ለሚመጣው፣ አፉ ሲሞላ።

የቀረው አጎት ናቸው። ሽክርክሪትን ማንበብ የቆየ የፈረሰኛ ልማድ ነው፤ መናቅ አይገባም፤ ነገር ግን አልቅት ከውሃ፣ ገጣባ ከኮርቻ፣ ማነከስ ከመንገድ እንጂ አንዳቸውም ከግንባር አልመጡም። ከአጎት ጋር በቃል መከራከር አይጠቅምም። ይልቅ ፈረሱ ፊት ቆመው «ጋሼ፣ እስቲ ጥርሱን ይዩልኝ» ማለት ይሻላል። ንጉሥ በፈረሱ ስም ይጠራ በነበረበት፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ በተባሉበት አገር ያደገ አዛውንት የጥርስ ቆጠራ አይጠፋውም፤ ልጅ ፈረስ በአዋቂ ሥራ እንደተያዘ ሲያይ ፍርዱን ራሱ ይለውጣል። ገመዱን ለእሳቸው መስጠትና እንዲያስተምሩት መለመንም ጥሩ ነው።

ፈረሱ አይሸጥ። ሁለተኛዎቹ የወተት ጥርሶች እስኪወልቁ ኮርቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።